የጫጫ ዝናብ ከየት ይመጣል?
የሐሩር ክልል ነፋሳት፣ ሞንሱንና ሁለቱ የዝናብ ወቅቶቻችን

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና 110 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ መንገደኛ፣ ደብረ ብርሃን ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው የጫጫን ከተማ ያገኛል። ጫጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተንጣለለ ሜዳ የተቆረቆረች፣ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚዘራባት፣ በግ የሚረባባት ደጋማ ሥፍራ ናት። በአቅራቢያዋ የምትገኘው አንጎለላ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ የነበረችና ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱባት በመሆኗ በታሪክ ትታወቃለች። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ጫጫን የመረጥናት ለታሪኳ ሳይሆን ለዝናቧ ነው።

በጫጫና በደብረ ብርሃን አካባቢ በአንድ ዓመት የሚዘንበው ዝናብ 900 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ አኃዝ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ይሁንና አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ስለሆነ፣ በአንድ ሄክታር ማሳ ላይ በዓመት 9,000 ቶን ውኃ ይወርዳል ማለት ነው። ከዚህም ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ይወርዳል። ከጫጫ እስከ ቅርቡ ባሕር ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ታዲያ ይህን ሁሉ ውኃ ከባሕር አንሥቶ፣ ይህን ሁሉ መንገድ አጓጉዞ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ወደ ላይ ያወጣው ማን ነው? ለምንስ በእነዚያ ወራት ብቻ?

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ፀሐይ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ ወደ ተን ለመለወጥ 2.5 ሚሊዮን ጁል ያህል ኢነርጂ ይፈልጋል። 900 ኪሎ ግራም ሲሆን 2,250 ሚሊዮን ጁል ይደርሳል፤ ይህም 625 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ይኸውም ለአንዲት ካሬ ሜትር ብቻ! የፊዚክስ ተማሪ የሆነ አንባቢ ደግሞ ያንኑ ውኃ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ለማንሣት ብቻ የሚያስፈልገውን ሥራ ማስላት ይችላል። መልሱ 24 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይሆናል፤ ከትነቱ ኢነርጂ አንድ በመቶ ቢሆን ነው። ስለዚህ የዝናብ ዋጋ የሚከፈለው በማንሣት ሳይሆን በማትነን ነው። ይህ ኢነርጂ ግን አይጠፋም። በተኑ ውስጥ ተደብቆ ይጓዝና ተኑ ወደ ጠብታነት ሲለወጥ ለአየሩ ይመለስለታል፤ አየሩም ሞቆ ይበልጥ ወደ ላይ ይወጣል። ደመና የራሱን ነዳጅ ተሸክሞ የሚጓዝ ሞተር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፀሐይ፣ የብስና ባሕር

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም «ለምን በእነዚያ ወራት?» የሚለው፣ ከመጀመሪያው ይከብዳል። በትምህርት ቤት የተማርነው መልስ «ፀሐይዋ በዚያን ጊዜ በአናታችን ላይ ስለምትሆን ነው» የሚል ነው። እስቲ ይህን መልስ በጫጫ ላይ እንፈትነው። ጫጫ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ከግማሽ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በትክክል በአናቷ ላይ የምታልፈው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛው ሚያዝያ 6፣ ሁለተኛው ነሐሴ 22 ገደማ። በእነዚህ ቀናት ከቀኑ 6 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ገደማ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ጥላ አይኖረውም። (ለምን በስድስት ሰዓት ልክ አልሆነም? የሀገራችን ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ሲሆን፣ ጫጫ ከዚያ በስተ ምዕራብ 5 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለምትርቅ ነው።)

እንግዲህ ፀሐይ በአናት ላይ መሆኗ ብቻውን ዝናብ የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ፣ ሚያዝያና ነሐሴ እኩል ዝናብ ባገኙ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ በጫጫ የሚያዝያ ዝናብ የነሐሴን ሩብ እንኳ አያህልም። ስለዚህ ምክንያቱን ከጫጫ አናት ላይ ሳይሆን ከሩቅ መፈለግ አለብን።

እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤድመንድ ሃሌይ እ.ኤ.አ. በ1686 ባወጣው ጽሑፍ፣ የሐሩር ክልል ነፋሳት የሚነሡት ፀሐይ አየሩን ስታሞቅና የሞቀው አየር ሲወጣ ቀዝቃዛው ሊተካው ስለሚገሰግስ መሆኑን ገልጾ ነበር። ሞንሱን የሚለው ቃል ራሱ ከዓረብኛው «መውሲም» የመጣ ሲሆን ትርጉሙም «ወቅት» ማለት ነው። ስድስት ወር ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ስድስት ወር ደግሞ ወደ ተቃራኒው የሚነፍሰውን ይህን ነፋስ የአዱሊስ ነጋዴዎችና የግብጽ መርከበኞች ከሃሌይ በፊት ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመታት በላይ ቀድመው ይጠቀሙበት ነበር። በበጋ የብሱ ቶሎ ይሞቃል፣ ባሕሩ ግን ሙቀቱን ወደ ጥልቁ እያሰራጨ ቀስ ብሎ ይሞቃል። በብሱ ላይ ያለው የአየር ግፊት ዝቅ ሲል እርጥብ አየር ከባሕር ወደ የብስ ይሳባል። (እዚህ ላይ «በጋ» የምለው የሰሜን ንፍቀ ክበብን ሞቃት ወራት ነው። በእኛ አገር እነዚሁ ወራት ክረምት ይባላሉ። በውጭ አገር ስማር ለጓደኞቼ ለማስረዳት ካስቸገሩኝ ነገሮች አንዱ፣ በሰኔ ክረምት የሚገባበት አገር በምድር ወገብ ሰሜን መኖሩ ነበር።)

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ነፋሱ ለምን ይጣመማል የሚለው ነው። ጆርጅ ሃድሊ እ.ኤ.አ. በ1735 ያቀረበው መልስ ዛሬም በብዙ መጻሕፍት ይገኛል። ምድር ስትዞር የምድር ወገብ ገጽ በሰዓት 1,674 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ይጓዛል፤ የጫጫ መሬት ደግሞ በሰዓት 1,651 ኪሎ ሜትር። ከምድር ወገብ ተነሥቶ ጫጫ የደረሰ አየር የራሱን ፍጥነት ይዞ ስለሚመጣ መሬቱን በሰዓት 23 ኪሎ ሜትር ይቀድመዋል፤ ስለዚህም ከምዕራብ የሚነፍስ ነፋስ ሆኖ ይሰማናል። መልሱ የሚያረካ ቢመስልም ግማሽ መንገድ ብቻ የሄደ ነው። አየሩ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ወደ ምድር የዙረት ዘንግም እየቀረበ ነው። እየዞረች እጆቿን ወደ ደረቷ የምትሰበስብ ተወዛዋዥ ፍጥነቷ እንደሚጨምር ሁሉ፣ የአየሩም ፍጥነት ይጨምራል እንጂ ባለበት አይቆይም። የዙረት ሞመንተም ሳይለወጥ ይቆያል ብለን ስናሰላ ልዩነቱ 23 ሳይሆን 46 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሆናል፤ በትክክል እጥፍ። በእርግጥ የመሬት ሰበቃና የግፊት ልዩነት ይህን ፍጥነት ያበርዱታል። ቢሆንም ከደቡብ ተነሥቶ ወገቡን የተሻገረው ነፋስ ወደ ቀኙ ታጥፎ «ደቡብ ምዕራባዊ» የሚሆንበት ምክንያት ይኸው ነው።

የክረምቱ መሣሪያዎች

በሰኔ ወር የሙቀቱ ማዕከል ከእኛ በስተ ሰሜን ይሆናል፤ ሰሐራ፣ የዓረብ ልሳነ ምድርና የህንድ ሰሜናዊ ክፍል ይግላሉ። ከሰሜንና ከደቡብ የሚመጡት ነፋሳት የሚገናኙበት ቀጠናም ከምድር ወገብ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ይወጣና በሐምሌና በነሐሴ ከኢትዮጵያ ሰሜናዊ ጫፍ አካባቢ ይደርሳል። ጫጫ በዚህን ጊዜ ከቀጠናው በስተ ደቡብ፣ ማለትም በእርጥቡ ወገን ትሆናለች። በመስከረም ቀጠናው ይመለሳል፤ ዝናቡም ይከተለዋል። በደቡብ ንፍቀ ክበብ ደግሞ ሁለት ታላላቅ የከፍተኛ ግፊት ማዕከላት አሉ፤ አንደኛው በአትላንቲክ በሴንት ሄሌና ደሴት፣ ሁለተኛው በህንድ ውቅያኖስ በማስካሪን ደሴቶች አካባቢ። ሁለቱም ሲጠነክሩ ወገቡን ተሻግሮ የሚመጣው ነፋስ ይጠነክራል።

ከእነዚህ ነፋሳት ሁሉ የሚደንቀው በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የሚያልፈው ነው። ጆን ፊንድሌተር የተባለ የሜትዮሮሎጂ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1969 እንዳሳየው፣ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚነፍስ ጠባብና ፈጣን የአየር ጅረት በኬንያ በኩል ወገቡን ተሻግሮ፣ የሶማሊያን ጠረፍ ታኮ፣ ወደ ህንድ ይጋልባል። የምሥራቅ አፍሪካና የኢትዮጵያ ተራሮች እንደ ግድግዳ ሆነው አቅጣጫ ያስይዙታል። የሶማሊያ ጠረፍ ግን በምድራችን ካሉት ኃይለኛ የሞንሱን ነፋሳት አንዱ በደጁ እያለፈ በእነዚያው ወራት ደረቅ ነው። ነፋሱ ከጠረፉ ጋር ትይዩ ሆኖ ይነፍሳል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም፤ በዚያ ላይ የባሕሩን የላይኛ ውኃ ገፍቶ ቀዝቃዛውን ከጥልቁ ያወጣዋል። እርጥብ አየር ካልወጣ አይቀዘቅዝም፤ ካልቀዘቀዘም አይዘንብም።

አየሩን ወደ ላይ የሚስበው ሌላው መሣሪያ ከራሳችን በላይ 14 ወይም 15 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በቲቤት አምባና በህንድ ሞንሱን ላይ የሚለቀቀው ሙቀት በላይኛው አየር ከፍተኛ ግፊት ይፈጥራል፤ ከዚያም በደቡብ ወገን ወደ ምዕራብ የሚጋልብ ጅረት ይነሣል። ይህ የሐሩር ምሥራቃዊ ጄት ይባላል። ከህንድ ተነሥቶ በኢትዮጵያ አናት ላይ ያልፋል። በጠነከረባቸው ዓመታት የእኛም ክረምት በአብዛኛው ደህና ይሆናል፤ በደከመባቸው ዓመታት ክረምቱም ይደክማል። የጫጫ ገብስ ከቲቤት ሙቀት ጋር ዝምድና አለው ብንል ሳይንሱ አይቃወመንም።

እነዚህ ሁለት ነፋሳት፣ የታችኛው ምዕራባዊና የላይኛው ምሥራቃዊ፣ አንባቢን የሚያደናግር ውጤት አላቸው። በክረምት ከሰዓት በኋላ ወደ ሰማይ የሚመለከት ሰው ትልልቅ የነጎድጓድ ደመናዎች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲጓዙ ያያል፤ ስለዚህ «ዝናቡ ከምሥራቅ መጣ» ይላል። ደመናውን የሚገፋው የላይኛው ነፋስ ነው፤ ደመናውን የሚመግበው ግን የታችኛው። ደመናዎቹም እዚሁ አይቆሙም። በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የተነሡ የነጎድጓድ ስብስቦች ሱዳንን፣ ቻድንና ምዕራብ አፍሪካን አቋርጠው አትላንቲክ ላይ የሚደርስ ማዕበል መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በአትላንቲክ የተነሣው አልቤርቶ የተባለ ሀሪኬን መነሻው በኢትዮጵያ ከፍታዎች ላይ የተፈጠረ የነጎድጓድ ደመና ስብስብ መሆኑን ተመራማሪዎች በሳተላይት ምስል ወደ ኋላ ተከትለው አሳይተዋል።

ስለ ክረምት ስናነሣ አንድ ነገር ላክል። ሕዝባችን ቡሄ ከዋለ ክረምቱ እንዳለቀ ይቆጥራል። ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን ነው። የዝናብ መለኪያዎች ግን ነሐሴ ከሐምሌ ጋር የሚፎካከር ወር መሆኑን ያሳያሉ። የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠርም ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያደርገዋል። የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ክረምት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውን በልግ ይለዋል። በእኔ አስተያየት የቡሄ አባባል ስለ ዝናብ መጠን የተነገረ ሳይሆን ስለ መዞሪያው ነጥብ የተነገረ ነው። ነፋሳቱ የሚገናኙበት ቀጠና ወደ ደቡብ ፊቱን የሚያዞረው በእርግጥም በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ነው።

ውኃው የአትላንቲክ ነው ወይስ የህንድ ውቅያኖስ?

በአገራችን የጂኦግራፊ መማሪያዎች ለረጅም ዘመን የሰፈረው፣ የክረምት ዝናብ የሚመጣው ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ የኮንጎን ደን አቋርጦ ከሚነፍስ እርጥብ ነፋስ ነው የሚል ነው። የነፋሱ አቅጣጫ ይህን ይደግፋል። ይሁን እንጂ በኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤለን ቪስቴና አስጌይር ሶርተበርግ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት ጉዳዩን በሌላ ዘዴ መረመረው። የነፋሱን አቅጣጫ ከመመልከት ይልቅ፣ በሰሜናዊው የኢትዮጵያ ከፍታ በሐምሌና በነሐሴ እርጥበቱን የጣለውን አየር በኮምፒዩተር ወደ ኋላ እየተከተሉ እርጥበቱን የት እንደቀዳ ጠየቁ። ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ የመጣው ድርሻ ከተጠበቀው በእጅጉ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ትልቁን ድርሻ ያበረከቱት ከህንድ ውቅያኖስ የመጣው አየር፣ እንዲሁም ከሰሜን በቀይ ባሕርና በዓረብ ልሳነ ምድር በኩል የደረሰው አየር ነበሩ።

ደረቅ ብለን የምንንቀው የሰሜን ነፋስ እንዴት ዝናብ ያመጣል? ቀይ ባሕር በክረምት ወራት እጅግ ሞቃት ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ቢበዛ 17 ግራም ያህል የውኃ ተን ይይዛል፤ በ10 ዲግሪ ግን 9 ግራም ያህል ብቻ። በሞቃት ባሕር ላይ ያለፈ አየር ስለዚህ ብዙ ይሸከማል፤ ተራራ ሲገጥመውም ብዙ ይጥላል። ይህ ማለት ምዕራባዊው ነፋስ አያስፈልግም ማለት አይደለም። አየርን ከአየር አጋጭቶ ወደ ላይ የሚያወጣ ነፋስና ውኃውን የተሸከመው ነፋስ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። በመማሪያ መጽሐፍ ካርታ ላይ ያለው አንድ ወፍራም ቀስት ይህን አያሳይም።

በልግ፦ ገደሉን የሚወጣው ዝናብ

በልግ ከክረምት የሚለየው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በፊዚክሱም ጭምር ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት በዓረብ ባሕር ላይ የሚቆየው ከፍተኛ ግፊት ከህንድ ውቅያኖስና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ እርጥብ አየር ወደ ምዕራብ ይገፋል። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ከሜዲትራኒያን በኩል በላይኛው አየር የሚመጣ ቀዝቃዛ ሸለቆ መሰል የአየር መታጠፊያ ወደ ደቡብ ወርዶ ሲገናኘው ነው ዝናቡ የሚወርደው። ስለዚህ የበልግ ዝናብ የሁለት እንግዶች ቀጠሮ ነው፤ አንዱ ከቀረ ሌላው ብቻውን ደመና አሳይቶ ይሄዳል። የበልግ ጠባይ ከዓመት ዓመት መለዋወጡና ለትንበያ ማስቸገሩ ከዚህ ይመነጫል።

የሰሜን ሸዋ ምሥራቃዊ ገደል በዚህ ረገድ የተፈጥሮ ቤተ ሙከራ ነው ማለት ይቻላል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ከእርሷ በላይ ያለው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ለምሳሌ ያህል በሸዋ ሮቢት የአየሩ ሙቀት 28 ዲግሪ፣ የጤዛ ነጥቡ ደግሞ 18 ዲግሪ ነው እንበል። የሚወጣ አየር በየ100 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ የጤዛ ነጥቡም በመጠኑ ይወርዳል። ሁለቱ የሚገናኙበትን ከፍታ ለማግኘት የሁለቱን ልዩነት በ125 ሜትር ማባዛት ይበቃል። 10 ሲባዛ በ125 ውጤቱ 1,250 ሜትር ነው፤ በ1,300 ላይ ሲደመር 2,550 ሜትር። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ዋሻ የሚወጣ መኪና መብራቱን የሚያበራበትን ጭጋግ ይህ ትንሽ ስሌት ይተነብየዋል። ጭጋግ ማለት መሬት ላይ ያረፈ ደመና መሆኑን እዚያ ያለፈ ሰው በመስኮቱ አይቷል።

በ1841 (እ.ኤ.አ.) ከታጁራ ተነሥቶ በአፋር በረሃ በኩል ወደ አንኮበር የወጣው በካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ የተጓዘው የበልግ እርጥበት በሚሄድበት አቅጣጫ ነበር፤ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ እስከ አንኮበር ገደል።

ገደሉን የወጣ አየር እርጥበቱን በገደሉ አፍ ይጥላል። በዚህም ምክንያት በአንኮበር፣ በጣርማ በርና በመንዝ ከፍታዎች በልግ የብዙ ገበሬ ተስፋ ሲሆን፣ ከገደሉ ወደ ምዕራብ በራቅን ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። ጫጫ የምትገኘው ከዚህ መሳሳት ውስጥ ነው። በመልካም ዓመት የበልግ ገብስ ሊበቅልባት ይችላል፤ በክፉ ዓመት የበልጉ ዝናብ ለሣርና ለመጀመሪያ እርሻ እንኳ አይበቃም። የጫጫ ወንዝ ውኃ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ከገደሉ በስተ ምሥራቅ የወረደው ግን ወደ አዋሽ ሄዶ በአፋር ሜዳ ይቀራል። ሁለት አጎራባች ጠብታዎች አንዱ ወደ ሜዲትራኒያን፣ አንዱ ወደ በረሃ ይለያያሉ።

ከአይስላንድ እስከ ፓስፊክ

የአስዋን ግድብ ከሚደርሰው የዓባይ ውኃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ከፍታዎች የሚነሣ ስለሆነ፣ ግብጻውያን በካይሮ በሮዳ ደሴት ከሰባተኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመዘገቡት የወንዙ ከፍታ የእኛም ክረምት መዝገብ ነው። ኤል ኒኞን ለመረዳት መሠረት የጣለው ጊልበርት ዎከር የህንድን ሞንሱን ለመተንበይ ሲጥር ከተጠቀመባቸው አኃዞች አንዱ የዓባይ ሙላት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1783 በአይስላንድ ላኪ የተባለ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። በዚያው ዓመትና በተከታዩ ዓባይ እጅግ አነሰ፤ ግብጽም ተራበች። በሰሜን ሰማይ የተበተነው የድኝ ጭስ የፀሐይን ብርሃን ሸፍኖ የሰሜኑን የብስ ስላቀዘቀዘው፣ በየብስና በባሕር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ቀነሰ፤ የዝናብ ቀጠናውም ወደ ሰሜን የሚወጣበትን ጉልበት አጣ። የዛሬ ተመራማሪዎች ይህንኑ በኮምፒዩተር ሞዴል አሳይተዋል። ተቃራኒውም በታሪክ ይገኛል። የምድር ዘንግ ቀስ ብሎ ስለሚወዛወዝ፣ ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ምድር ለፀሐይ የምትቀርበው እንደዛሬው በጥር ሳይሆን በሐምሌ አካባቢ ነበር። ያኔ ሞንሱኑ ጠንክሮ ሰሐራ ለምልሞ ነበር፤ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላም አንድ ሐይቅ ነበሩ።

በዘመናችን ግን ዋነኛው አናዋጭ ኤል ኒኞ ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስ ምሥራቃዊና መካከለኛ ክፍል ከወትሮው ሲሞቅ፣ ደመና የሚወጣበት ቦታ ወደዚያ ይሸሻል፤ የህንድ ሞንሱንና የምሥራቃዊው ጄት ይደክማሉ፤ ክረምታችንም ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 በልጉ ከከሸፈ በኋላ ኃይለኛ ኤል ኒኞ ክረምቱንም መታው፤ በዓመቱ መጨረሻ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ይፋ ሆነ። ይሁንና ድርቅን ሁሉ በኤል ኒኞ ማሳበብ ተገቢ አይደለም፤ ይህን ስሕተት ከተማሪዎች አፍ ብቻ ሳይሆን ከጋዜጦችም አነባለሁ። ወሎን፣ ትግራይንና ሰሜን ሸዋን የቆላው የ1977 ዓ.ም. ረሀብ ምንጭ የነበረው የ1984 (እ.ኤ.አ.) ድርቅ የደረሰው ኤል ኒኞ በሌለበት ዓመት ነው። በዚያ ወቅት የሰሜን አትላንቲክ ከደቡቡ ውቅያኖስ አንጻር ቀዝቅዞ ነበር፤ ከሰሐራ በታች ያለው ቀበቶ በሙሉ ደርቆ ነበር። የላኪ ፊዚክስ በሌላ መንገድ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በእርግጥ ድርቁን ወደዚያ ዓይነት ረሀብ የለወጠው ጦርነትና ፖለቲካም እንጂ ሰማይ ብቻ አልነበረም።

ደግሞም አንድ ውቅያኖስ ለሁሉም አንድ ዓይነት ፍርድ አይሰጥም። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የዘለቀው የላ ኒኛ ዘመን በቦረናና በሶማሌ ቆላማ አካባቢዎች አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች የከሸፉበት ነው። ከብቶች በዚያ ባለቁበት በዚያው ዘመን ላ ኒኛ ለደጋው ክረምት በአብዛኛው ወዳጅ ነው።

ትንበያውና ዘሩ

የወቅት ትንበያ ሲነገር «ከመደበኛ በላይ 45 በመቶ፣ መደበኛ 35 በመቶ፣ ከመደበኛ በታች 20 በመቶ» የሚል ዓይነት አኃዝ ይሰማል። ይህ ምን ማለት ነው? ያለፉት ዓመታት ዝናብ ከትንሹ ወደ ትልቁ ተደርድሮ በሦስት እኩል ይከፈላል፤ ምንም የማናውቅ ብንሆን እያንዳንዱ ሲሶ 33 በመቶ ዕድል ይኖረዋል። ትንበያው የሚጨምረው እውቀት ከ33 የራቀበት መጠን ብቻ ነው። 45 በመቶ ማለት እንግዲህ «ይዘንባል» ማለት አይደለም። እንዲህ ያለው ዓመት አሥር ጊዜ ቢደጋገም አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ያህል «ከመደበኛ በላይ» አይሆንም ማለትም ጭምር ነው። ይህን ሳያብራሩ በሬዲዮ ማወጅ ትንበያውን ሐሰተኛ ያስመስለዋል።

ድሪባ ቆሬቻና አንቶኒ ባርንስተን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት የክረምት ዝናብ ከዓመት ዓመት የሚዋዥቀው በአብዛኛው በፓስፊክ ሁኔታ መሆኑን አረጋግጠዋል። ችግሩ የፓስፊክ ሁኔታ ራሱ ለመተንበይ የሚያስቸግረው በመጋቢትና በግንቦት መካከል መሆኑ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውቅያኖሱ ከአንዱ ጠባይ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ትንበያው የሚጠራው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። የጫጫ ገበሬ ግን የትኛው ማሳ ለገብስ፣ የትኛው ለባቄላ እንደሚሆን፣ ዘር ይግዛ ወይስ በግ ይሽጥ የሚወስነው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው።

የዓለም መሞቅ ጉዳዩን አላቀለለውም። አየር አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው ተን 7 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ከባድ ዝናብ ይበልጥ እንደሚከብድ ይጠበቃል። አጠቃላይ መጠኑ ግን በነፋሳቱ ላይ የተመሠረተ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለበርካታ ዓመታት ሲቀንስ ታይቷል፤ ሞዴሎቹ ግን ለወደፊቱ እንደሚጨምር ያሳያሉ። ሳይንቲስቶች ራሳቸው ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን «የምሥራቅ አፍሪካ እንቆቅልሽ» ይሉታል።

ለገበሬው ደግሞ ከጠቅላላው መጠን ይልቅ የሚከብደው መግቢያው ነው። ተመራማሪዎች ክረምት ገባ የሚሉት ለምሳሌ በሦስት ቀን ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ዘንቦ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ሠላሳ ቀናት ከአሥር ቀን የሚበልጥ ደረቅ ጊዜ ሳይኖር ሲቀር ነው። የመለኪያው ሁለተኛ ክፍል የሚታወቀው ወሩ ካለፈ በኋላ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። በሰኔ መጀመሪያ ጠንከር ያለ ዝናብ ይጥላል፤ አፈሩ ይርሳል፤ ዘሩ ይዘራል፤ ይበቅላልም። ከዚያ ከላይ ያለው ጄት ገና ሳይደላደል ቀርቶ ሰማዩ ለሁለት ሳምንት ይጠራል፤ ቡቃያውም ይጠወልጋል። ሁለተኛ ለመዝራት ሁለተኛ ዘር ያስፈልጋል። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ጥቁሩ አፈር ውኃ ቋጥሮ ስለሚጨቀይ፣ የዘገየ ዘር እንደ ደረቀው ሁሉ በውኃ ይበላሻል፤ ቢተርፍም በጥቅምትና በኅዳር ጥርት ባለው ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ፍሬ ሳይሞላ ይደርስበታል። በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ በወረደ ማግስት፣ ያ ዝናብ የክረምቱ ይሁን የሐሰት፣ ሳተላይቱም ሞዴሉም ለአንድ ማሳ የሚሆን ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጡም።